አክስት ሞድ የወደቀችበት እሑድና የወይዘሮ ኢኒድ ጋርሳይድ ሕይወት

ዛሬ በዚህች የሆልትዊክ ጸሎት ቤት ከፊታችን ያረፉት ወይዘሮ ኢኒድ ጋርሳይድ የሌላውን ሰው ዜና ዕረፍት ከአርባ ዓመት በላይ ሲጽፉ የኖሩ፣ የሟችን ስም ፊደል ያሳሳተ ጋዜጠኛ ሲያገኙ በቃል ብቻ ሳይሆን በዣንጥላ ጭምር የሚያርሙ ሰው ስለ ነበሩ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀን ቤተ ዘመዶች እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ እያየን መጻፋችንን እንድትረዱልን አስቀድመን እንለምናለን።

ወይዘሮ ኢኒድ ከአባታቸው ከሚስተር ኸርበርት ስኬልተንና ከእናታቸው ከሚስዝ አይዳ ስኬልተን እ.ኤ.አ. በ1938 በመጋቢት ወር፣ እዚሁ ሆልትዊክ፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ሳህን ከመደርደሪያ በሚወርድባት ሐዲድ ዳር ቤት ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ማቋረጫውን በር የሚከፍቱና የሚዘጉ ጠንቃቃ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ በጦርነቱ ዘመን በአውሮፕላን ማደሻው ውስጥ በክንፍ ላይ ሸራ የሚሰፉ ባለ ሙያ ነበሩና፣ ሕፃኗ ኢኒድ ከስፌት ጠረጴዛው ሥር ተቀምጠው መርፌ መያዝን በአምስት ዓመታቸው፣ የሴቶቹን ወሬ አጣርቶ መስማትን ግን ከዚያም ቀደም ብለው ተምረዋል።

ትምህርታቸውን በሆልትዊክ ጀምረው በአውራጃው ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጨረሱ ሲሆን፣ መምህራቸው በውጤት ወረቀታቸው ላይ «ብርቱ ተማሪ ናት፤ ሌላውም ሰው ይናገር ዘንድ አፏን ብትዘጋ የበለጠ በበረታች» ብለው የጻፉትን እርሳቸው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በፍሬም አድርገው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውት ነበር። በዐሥራ ሰባት ዓመታቸውም የልደት፣ የጋብቻና የሞት ማስታወቂያ በጽሕፈት መኪና እንዲመቱ «የሆልትዊክ ደወል» በተባለው፣ በየዓርቡ በሚወጣው ጋዜጣችን ተቀጠሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የከተማው አዛውንት ሁሉ ያውቀዋል። በ1957 የእህል ጎተራው ሲቃጠል ማንም ሳይልካቸው የሥጋ ቤቱን ብስክሌት ነጥቀው ሮጡና፣ ከመንገድ ስልክ ሆነው ዜናውን ቃል በቃል አስጻፉ። ዋና አዘጋጁ ሚስተር ኦግደን በስልኩ ውስጥ «አንቺ ልጅ፣ ማን ላከሽ?» ብለው ቢጮኹ፣ «ማንም አልላከኝም፣ ጭሱን አየሁት፤ ይልቅ ይጻፉ፣ ጣሪያው ሊወድቅ ነው!» አሏቸው ይባላል። ጣሪያውም ወደቀ፤ እርሳቸውም ከማስታወቂያ መቺነት ወደ ጋዜጠኝነት ተሻገሩ። ብስክሌቱ የተመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው።

በ1960 ጸደይ በአየር ማረፊያችን አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ሣሩ ላይ በአፍንጫዋ ተተክላ ቆማለች ቢባል ወይዘሮ ኢኒድ ማስታወሻቸውን ይዘው ደረሱ፤ ከአየር ኃይል ወጥቶ የጥንት አውሮፕላኖችን የሚጠግን፣ ቱታው በዘይት የጠቆረ መካኒክም አጠገቧ ቆሞ አገኙት።

«ምን ሆና ነው?» ሲሉት፣ «ጸሎት እያደረሰች ነው» አላቸው።

«እውነቱን ነው የጠየቅኩህ።»

«እውነቱማ እኔ ነኝ። መሬት ላይ ስነዳት ፍሬኑን ቸኩዬ ረገጥኩት። ስሜን በደንብ ጻፊው፤ ዊልፍሬድ ጋርሳይድ እባላለሁ።»

ወይዘሮ ኢኒድ ከዚያ ቀን በፊት ጥፋቱን ሳይጠየቅ የሚናገር ወንድ አይተው እንደማያውቁ ሲያወሩ ኖረዋል። በተከታዩ ዓመት በመስከረም በዚህችው ጸሎት ቤት ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ ሴት ልጃቸውን ሮዛሊንድንና ወንድ ልጃቸውን ሂዩን ወልደው፣ የአንዱን ጫጫታ በሌላው ዝምታ እያመዛዘኑ በፍቅር ኖሩ።

ወይዘሮ ኢኒድ ራሳቸው ይህ ሳይነገር እንዳይቀር ስላዘዙ እንናገራለን። በ1966 አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ስታርፍ ተገልብጣ ሳለ፣ ከአጥር ዳር የቆመ አንድ ሰው ያወራላቸውን አምነው አብራሪው «ልምድ የሌለው» እንደ ነበረ ጻፉ። ሰውየው የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራሪ ነበር። ማስተካከያው ቢወጣም ያ ሰው እስኪሞት ድረስ ጋዜጣውን አልገዛም፣ እርሳቸውንም ሰላም አላለም፤ ወይዘሮ ኢኒድም ያችን ቁራጭ ጋዜጣ ከማስታወሻቸው ሽፋን ውስጥ ለጥፈው ዕድሜ ልካቸውን ይዘዋት ዞሩ።

አሁን እዚህ ብዙዎቻችሁ በዐይናችሁ ወዳያችሁት ቀን እንመጣለን። በነሐሴ ወር 1974 በዋለው እሑድ ዓመታዊው የአየር ትርኢት ሲከበር ዐሥር ሺህ ያህል ሰው ሜዳውን ሞልቶት፣ የቋሊማው ጭስ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ሕፃን ሁሉ በአባቱ ትከሻ ላይ ተፈናጦ፣ የበዓሉ እመቤት እስክትነሣ ይጠበቅ ነበር። እርስዋም ከጦርነቱ በፊት የተሠራችው፣ ድርብ ክንፍ ያላት፣ ቢጫ ቀለም የተቀባችው፣ ሆልትዊክ በሙሉ «አክስት ሞድ» እያለ የሚጠራት አውሮፕላን ናት። የሚያበሯት የቀድሞው የአየር ኃይል መኮንን ሻምበል ጀርቬስ ሃላም፣ የሚጠግኗትም ሁሉም ዊልፍ የሚላቸው የወይዘሮ ኢኒድ ባለቤት ሚስተር ዊልፍሬድ ነበሩ። ወይዘሮ ኢኒድ ከመድረኩ ጎን ቆመው ሲመለከቱ፣ አክስት ሞድ ሁለት ጊዜ ተገለባብጣ፣ ሕዝቡን በጩኸት አሳብዳ፣ ለመጨረሻው ዙር ወደ ተመልካቹ ፊቷን መልሳ በዝቅታ ስትመጣ ሞተሯ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ወይዘሮ ኢኒድ ሰዓታቸውን አይተው «ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ሞተር ቆመ» ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው አውሮፕላኗ በድንገት ወደ ግራ የታጠፈችው፤ ከሕዝቡ ራስ ላይ ዞር ብላ፣ አጥሩን በጎማዋ ልሳ፣ ከማዶው የድንች ማሳ ላይ በክንፏ ተደፋች።

ወይዘሮ ኢኒድ ሮጡ። አንድ ጫማቸው በቦዩ ውስጥ ቀረ፣ ሌላውን ራሳቸው ወረወሩት፤ በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው፣ የሁለት ልጆች እናት ሆነው፣ ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ቀድመው ደረሱ። ሻምበል ሃላም ሁለት እግራቸው ተሰብሮ፣ ፊታቸው ደም ለብሶ፣ ግን ነፍሳቸው ሳትወጣ ከመቀመጫቸው ላይ እንዳሉ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ሰው... ሰው ላይ ወደቅኩ?»

«ኧረ ድንች ላይ ነው የወደቁት ሻምበል!»

«ተመስገን» አሉና ራሳቸውን ሳቱ።

በማግሥቱ የለንደን ጋዜጦች መጡ። ትልቁ ጋዜጣ በፊት ገጹ ላይ «ጉራው ዐሥር ሺህ ሰው ሊፈጅ ነበር» የሚል፣ ቁመቱ ሦስት ኢንች የሆነ አርእስት አወጣ፤ ሌላው ሻምበሉ ከመብረራቸው በፊት ብርጭቆ ይዘው መታየታቸውን ጽፎ በብርጭቆው ውስጥ የነበረው ሎሚናት እንጂ መጠጥ አለመሆኑን ሳይጽፍ ቀረ፤ ቴሌቪዥኑም የአደጋውን የመጨረሻ ሰባት ሰከንድ ብቻ፣ ያውም ያለ ድምፅ፣ ምሽቱን ሙሉ ደጋግሞ አሳየ። ያን ፊልም ያየ ሰው ሞተሩ አስቀድሞ መቆሙን ሊያውቅ አይችልም፤ አንድ ቀበጥ አብራሪ በሕዝብ ፊት ሲታጠፍና ሲከሰከስ ብቻ ነው የሚያየው። ሻምበሉ በሆስፒታል መናገር ተስኗቸው ተኝተው ሳለ ባለቤታቸው መጋረጃቸውን ዘግተው በቤታቸው በጋዜጠኞች ተከበቡ፤ ልጆቻቸውም ወደ አጎታቸው ቤት ተላኩ።

ማክሰኞ በእራት ሰዓት ሚስተር ዊልፍ ሳህናቸውን ሳይነኩ ተቀምጠው ሳለ ወይዘሮ ኢኒድ ማስታወሻቸውን ከጨው ዕቃው አጠገብ አኖሩት።

«ዊልፍ፣ ሞተሩ አስቀድሞ ቆሟል። ሰዓቱን ጽፌዋለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ።»

«ልጽፈው ነው እኮ።»

«ጻፊዋ! እኔን ምን አስፈቀደሽ?»

«ሞተሩ ቆሞ ነበር ካልኩ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማን ነካካው የሚል ነው።»

ሚስተር ዊልፍ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ «እሑድ ጧት የነዳጁን ቱቦ ዳዶ አጥብቄያለሁ» አሉ። «ከዚያ እንዳይላላ በሽቦ ይታሰራል። ፒንሳውን አንሥቼ ሳለ አንድ ሰው ጠራኝ። ማሰሬን... ኢኒድ፣ እግዜር ያውቃል፣ አላስታውስም።»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ኢኒድ እንደ ሚስት ምን እንደ ተሰማቸው ለማንም ተናግረው አያውቁም። ለልጃቸው ለሮዛሊንድ የነገሯት ይህን ብቻ ነው፤ ማስታወሻው እጃቸው ላይ ነበር፣ ምድጃውም እየነደደ ነበር፣ ከጠረጴዛው እስከ ምድጃው ያለው ርቀትም አራት እርምጃ ነበር።

«በል ይህን ለእኔ ሳይሆን ለመርማሪዎቹ ንገር» አሉ። «ስለ ሽቦው የማውቀው ከአንተ አፍ ነውና አልጽፈውም። ያየሁትንና የሰማሁትን ግን እጽፈዋለሁ።»

ሚስተር ዊልፍ በማግሥቱ ጧት ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ማንም ሳይጠራቸው ወደ መንግሥት መርማሪዎቹ ሄዱ። ወይዘሮ ኢኒድም ጽፈው ለሚስተር ኦግደን አቀረቡ፤ አዘጋጁ አንብበው ወደ መጨረሻው መስመር ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። መስመሯ «የአውሮፕላኗ መካኒክ የዚህ ዜና ጸሐፊ ባለቤት ናቸው» የምትል ነበረች።

«ኢኒድ፣ ይህችን ልሰርዝልሽ። ማንም አይጠይቅሽም።»

«እርስዋ ከወጣች ዜናው በሙሉ ይውጣ።»

«ባልሽን እኮ ማስበላትሽ ነው!»

«ማን እንደ ጻፈው አንባቢው ይወቅ ነው የምለው። የቀረውን ራሱ ይፍረድ።»

ዓርብ ዕለት የሆልትዊክ ደወል ገና ረፋዱ ላይ አለቀ፤ ማተሚያው እንደገና ተነሣ፣ እንደገናም አለቀ! ስልኩ ከለንደን፣ ከማንቸስተር፣ ከኤድንብራ ጮኸ። የአደጋውን ሰዓት በደቂቃ የመዘገበ አንድ ሰው ተገኘ፣ እርስዋም የመካኒኩ ሚስት ናት ሲባል፣ ትናንት የሻምበሉን ቤት ከብበው የነበሩት ጋዜጠኞች ዛሬ የጋርሳይድን ቤት ከበቡ። ወይዘሮ ኢኒድ ግን መጋረጃ አልዘጉም፤ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ደጃፍ ላይ ቆሙላቸው።

«ሚስዝ ጋርሳይድ፣ ባለቤትዎ ጥፋተኛ ናቸው?»

«እስካሁን አላውቅም። አንተስ ታውቃለህ?»

«እኔማ ከየት አውቃለሁ?»

«ታዲያ እሱን ጻፋ!»

ከዚያም በአትክልት ቦታቸው አሰልፈው እያንዳንዱ ማስታወሻውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረጉት። ጋርሳይድ የሚለውን ስም ሦስቱ አሳስተውት ተገኙ፤ አንደኛው ደግሞ «ሚስቲቱ እያለቀሰች» ብሎ ስለ ጻፈ፣ «የታለ እንባው? አሳየኝ!» ብለው በጎረቤት ሁሉ ፊት አሰረዙት።

የምርመራው ውጤት በተከታዩ ሚያዝያ ወጣ። የነዳጁ ቱቦ ዳዶ ላልቶ እንደ ነበር፣ ማሰሪያ ሽቦውም እንዳልታሰረ፣ ሻምበል ሃላም ደግሞ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ለማረፍ የሚመቻቸውን ሜዳ ትተው ሆን ብለው ከሕዝቡ ወደ ማሳው መታጠፋቸውን አረጋገጠ። ሚስተር ዊልፍ የሙያ ፈቃዳቸውን ለአንድ ዓመት ተነጠቁ፤ ቅሬታም አላቀረቡም። ጉራ የሚለውን ቃል በሦስት ኢንች ያወጣው የለንደን ጋዜጣ ግን ይህን ሁሉ በዐሥራ አንደኛው ገጽ፣ ከውሻ ምግብ ማስታወቂያ ሥር፣ በአራት መስመር ቀበረው።

ወይዘሮ ኢኒድ ይህን ዐይተው የጧቱን ባቡር ያዙ። በጋዜጣው መሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያ ውስጥ የምርመራውን ውጤት፣ አሮጌውን ጋዜጣና ማስመሪያ በጭናቸው ይዘው፣ እንቁላል የገባበት ዳቧቸውን እየበሉ፣ ለጥበቃው የሆልትዊክን ወሬ እያጫወቱ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የበላይ አዘጋጅ ፊታቸውን ቋጥረው ወረዱ።

«ምን ልርዳዎት እመቤት?»

«አርእስታችሁ ቁመቱ ስንት እንደ ነበር ያስታውሳሉ?»

«አላስታውስም።»

«ሦስት ኢንች። ይኸውና ይለኩት። ይቅርታውም ሦስት ኢንች ይሁን።»

ሰውየው ሊስቁ ጀምረው፣ ጥበቃው ሳይቀር ኮስተር ብሎ ሲያያቸው ተዉት። ከአምስት ቀን በኋላ በሦስተኛው ገጽ ላይ «አብራሪው ሕዝብ አድነዋል፤ ጋዜጣችን ተሳስቷል» የሚል አርእስት ወጣ። ወይዘሮ ኢኒድ ማስመሪያቸውን አውጥተው ለኩት፤ አንድ ኢንች ተኩል ሆነ። «ግማሹን ረታሁ!» እያሉ ጋዜጣውን ሻምበሉ ገና ተኝተው እስከሚታከሙበት ሆስፒታል ድረስ በብስክሌት ወሰዱት።

ሚስተር ዊልፍ ግን ፈቃዳቸው በተያዘበት ዓመትም ሆነ ከተመለሰላቸው በኋላ አውሮፕላኖቹ ወደሚጠገኑበት ሀንጋር አልሄዱም፤ ከጓሮ ጎመናቸው ውስጥ ተቀብረው፣ ከሚስታቸውም ጋር ቢሆን ከሰላምታ ያለፈ ቃል ሳይለዋወጡ ከረሙ። ወይዘሮ ኢኒድ ያንን ዓመት «የቤታችን ሞተር የቆመበት» ይሉት ነበር። በ1976 ግንቦት ሻምበል ሃላም በሁለት ምርኩዝ እየተጎተቱ የጓሮውን በር ገፍተው ገቡ።

«ዊልፍ፣ አክስት ሞድን ማን ሊጠግናት ነው?»

«እኔማ እጄን አላምነውም ሻምበል።»

«እኔም እግሬን አላምነውም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው አይወጣንም?»

ሚስተር ዊልፍ መቆፈሪያቸውን መሬት ላይ ተክለው ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ወይዘሮ ኢኒድ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆነው አዩ፤ ወጥተው እጃቸውን ያዙ። በማግሥቱ ሦስቱም ሀንጋር ገቡ። አራት ዓመት ፈጀ። ሚስተር ዊልፍ ሞተሩን አደሱ፣ ሻምበሉ ተቀምጠው እንጨት ላጉ፣ ወይዘሮ ኢኒድም ከጋዜጣ ሲመለሱ የክንፉን ሸራ በእጃቸው ሰፉ። በ1980 ሰኔ አክስት ሞድ ወደ ሜዳ ስትወጣ ሚስተር ዊልፍ ዳዶውን በሽቦ አሰሩ፤ ወይዘሮ ኢኒድ ጎንበስ ብለው «ታስሯል!» ሲሉ ሜዳው በሙሉ ሰማ። ከዚያም የቆዳ ቆብ አጥልቀው ከፊተኛው መቀመጫ ላይ ወጡ። ሻምበሉ ከኋላ ሆነው አስነሷት፤ ወይዘሮ ኢኒድ ከሆልትዊክ በላይ በሰማይ ላይ የጮኹት የደስታ ጩኸት ከሞተሩ ድምፅ በልጦ እስከ ገበያው ድረስ ተሰምቷል የሚሉ አሉ፤ እርሳቸው ግን «ያልለካኸውን አታውራ» ይሉ ነበር።

ከ1983 ጀምሮ ለዐሥራ ስድስት ዓመት የሆልትዊክ ደወል ዋና አዘጋጅ ሆነው ሲያገለግሉ፣ በየትም አገር የጥንት አውሮፕላን በትርኢት ላይ ወደቀ በተባለ ቁጥር ለጀማሪ ጋዜጠኞቻቸው የሚሰጡት ትእዛዝ ሁልጊዜ ያው ነበር፤ የሞተ ሰው ካለ ቤተ ሰቡ ከጋዜጣ እንዳይሰማ፣ ያልታወቀው «እስካሁን አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ፣ የስም ፊደል ሁለት ጊዜ ይጠየቅ። ባለቤታቸው ሚስተር ዊልፍ በ2006 ሲያርፉ ዜና ሕይወታቸውን ወይዘሮ ኢኒድ ራሳቸው ጽፈው፣ ያልታሰረችውንም ሽቦ ጨምረው፣ ድምፃቸው ሳይሰበር በዚሁ ስፍራ አነበቡ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባቸው ደክሞ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ ቴሌቪዥኑ ስለ አንድ የአየር አደጋ ሲያወራ፣ «መርማሪ ሳይመጣ አንተ ምን ታውቃለህ!» ብለው በመጮኻቸው የልብ መለኪያው መሣሪያ ደወለና ነርሶች በሩጫ ገቡ፤ እርሳቸው ግን ደህና ነበሩ፣ የተጨነቁት ለዜና አንባቢው ነበር። በመስከረም 2019 በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ እጃቸውን እንደያዙ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ ኢኒድ ጋርሳይድ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አንድ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ታናሽ ወንድማቸውን ሚስተር ሴድሪክ ስኬልተንን፣ እንዲሁም በፊተኛው አግዳሚ ላይ በዘጠና አንድ ዓመታቸው ምርኩዛቸውን ይዘው የተቀመጡትን ሻምበል ጀርቬስ ሃላምን ትተው አልፈዋል። ሻምበሉ ከቤተ ሰቡ ዝርዝር ውስጥ መግባታቸው ስሕተት አይደለም፤ ሮዛሊንድንም ሂዩንም ሁለት ጊዜ ጠይቀን አረጋግጠናል።

እውነትን ወዳጅ አምላክ የአገልጋዩን የኢኒድን ነፍስ በብርሃኑ ማረፊያ ያኑርልን፤ ቀድመዋቸው ከሄዱት ከሚስተር ዊልፍ ጋር ያገናኛቸው፤ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን፣ እኛ ለቀረነው ደግሞ ያየነውን ብቻ የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። አሜን።